ከጫማው በላይ አላየሁም

ያን ቀን ጠዋት ከሕንፃው ኋላ ጎመኔን እያረምኩ ነበር። የጥበቃ አለቃችን መንገዱ ላይ ቆሞ «ላቀች፣ ታሐና!» አለኝ። ዛሬ ተራችሁ የአውቶቡስ ፌርማታው ነው ማለቱ ነው። እጄን ታጠብኩ፤ ቢጫውን ሰደርያ ደረብኩ፤ ወጣሁ።

ጻፊ ልጄ፣ እኔ ጠመንጃ አልያዝኩም። ግን ያ ጊዜ ጦር ሜዳ ነበር፤ አውቶቡስ የሚፈነዳበት ዘመን። እኛ እዚህ እስራኤል የነቬ ሐይም ሰፈር እናቶች ሚሽማር ገባን፣ የሰፈር ጥበቃ። ሁለት ሁለት ሆነን እንዞራለን። እንፈራለን፤ ግን እንዞራለን።

ረፋዱ ላይ ከጥበቃ ጓዴ ከብሬ ጋር ፌርማታው ደረስን። ብሬ በሱቁ በኩል ዞረች፤ እኔ ቆምኩ። አንድ ጎረምሳ በስልክ ዕብራይስጥ እያወራ መጣ። ቦርሳውን ከወንበሩ ሥር አኖረ። አጠገቤ ሲደርስ አንገቱን ደፋ። እኔም ደፋሁ። እኛ አገር ሴት የማታውቀውን ወንድ ፊት ትክ ብላ አታይም፤ እንዲያ ነው ያደግነው። ሄደ። ቦርሳው ቀረ።

«ብሬ! የማን ነው ይሄ?»

«አትንኪው! ራቂ!»

ሰው አራቅን። ፖሊስ መጣ። መንገዱ ተዘጋ። አለቃችን እየሮጠ ደረሰ፤ ብሬ ታስተረጉምልኛለች።

«ፊቱ ምን ይመስላል ይልሻል።»

«እኔ እንጃ። ጫማው ላይ ነጭ ቀለም አለበት።»

«ኧረ ፊቱን ይልሻል! ለጥበቃ ነው የቆምሽ ወይስ ጫማ ልትጠርጊ?»

አፈርኩ። ወዲያው ከሱቁ በኩል አንዱ እየጮኸ ወደ ቦርሳው ሮጠ። ጫማውን አየሁ።

«እሱ ነው! ያዙት!»

ፖሊሶቹ አስፋልቱ ላይ ጣሉት። ጀርባውን በጉልበታቸው ተጫኑት። እጁን አሰሩት።

«እማማ ላቀች፣ እኔ ነኝ!» አለ በአማርኛ።

ያኔ ፊቱን አየሁት። ዮሲ፣ የጎረቤቴ የወርቄ ልጅ። እሱ ሲወለድ እናቱን ያረስኳት እኔ ነኝ። ቦርሳው ውስጥ የቀለም ብሩሹና ምሳው ነበር። ውሃ ሊገዛ ነው የሄደው። ቦርሳውን ጥሎ የሄደውም እኔ አለሁ ብሎ ነው። አንገቱን የደፋው ለካ እኔን አክብሮ ነበር።

ያን ቀን ከእኛ የሞተ የለም። የዮሲ አገጭ ተላጠ፤ ቁስለኛችን እሱ ብቻ ነው። ግን ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ አየው። ሌሎቹ የጥበቃውን ጊዜ ሲያወሩ እኔ ዝም የምለው ለዚህ ነው።

ከሰዓት ጎመን ቀንጥሼ ወርቄ በር ላይ ቆምኩ። ጎመኑን ዘረጋሁላት። ተቀበለችኝ።

«እትዬ ላቀች፣ ከእንግዲህ ልጄ ሲያልፍ ቀና ብለው ይዩት» አለችኝ። «እሱንም፣ ስታገኛቸው አንገትህን አትድፋ ብዬዋለሁ።»