ያበጠው ፋይል

ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል። በሙዚቃ ቤቱ ለደንበኛ ዘፈን በፍላሽ የሚጭን፣ ጥላውን እንኳ የማያምን ሰው ነው። «ኦርጅናል ነው» ብሎ ፋይል ያመጣለትን ሁሉ መጀመሪያ ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል። ምን ያድርግ! ተጨምቃ ድምፅ የጎደላትን ትንሿን ኤምፒስሪ መልሶ ወደ ትልቅ ፋይል እየነፋ የሚያጭበረብረው መች ጠፍቶ? ተጨምቆ ያለቀ ሎሚ ውሃ ቢሞሉት ሎሚ አይሆንም።

አንድ ቀን የእህቱ ባል ፍላሽ ይዞ መጣ። እህቱ ዘፋኝ ነበረች፤ ጉሮሮዋን ከታመመች ወዲህ ግን ድምፅዋ ከሹክሹክታ በላይ አይወጣላትም። የቀሯት ያኔ የቀዳቻቸው ዘፈኖች ብቻ ናቸው። ሊያሳትሙላት የፈለጉ ሰዎች ደግሞ ኦርጅናሉ ካልመጣ አይሆንም ብለዋል።

ጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀ። ፋይሉ ትልቅ ነው፤ ድምፁ ግን ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። የድምፁን ሥዕል በሚያሳየው ስክሪን ላይም ቀጫጭኑ ድምፅ በመቀስ እንደተቆረጠ ከላይ ጠፍቷል።

«አንተ ሰውዬ! ኦርጅናሉን የት አደረስከው?» ሲል ደንበኞቹ ሁሉ ዞሩ።

አማቹ አቀርቅሮ፣ «እኔ እንዳበላሸሁት ቁጠረውና እንለፈው፣ ወንድሜ» አለ።

«ብዬ ነበር! ድሮም ልቤ አልወደደህም!»

ጠርጣራ ሰው በቃል ብቻ መች ይረካል? አማቹን ደጃፍ ላይ አቁሞ ማስረጃ ፍለጋ የሱቁን አሮጌ ዲስክ ከፈተ። እህቱ ድሮ ኦርጅናል ዘፈኖቿን ያስቀመጠችበትን ፎልደር አገኘው። ቀኑን አየ። ዲስኩ ሞልቶበት ያለውን ዘፈን በሙሉ በአንድ ቀን ወደ ትንሽ ፋይል ቀይሮ ትልልቁን ያጠፋበት ዕለት ነው! ቆይቶም ለእህቱ ሲዲ ሲቀዳላት ያችኑ ትንሿን መልሶ ነፍቷታል። ጉድ ፈላ!

ለእህቱ ደወለ። «እህትዬ... ዘፈንሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«እናውቃለን እኮ» አለች በሹክሹክታ። «አሳታሚዎቹ ሲዲው ከትንሽ ፋይል የተሠራ ነው አሉን። ወደ ፍላሹ የገለበጥነውን ሲዲ የቀዳኸው አንተ አይደለህ? ምናልባት ሌላ ኮፒ ቢኖርህ ብለን ነው የላክነው። ባለቤቴ ደግሞ፣ ‹ወንድምሽ ይህን ከሰማ በሐዘን ይሞታል፣ በእኔ ይለፍ› ብሎ አስምሎኛል።»

ጆሮ ስልኩን ዘጋ። አማቹ ገና ደጃፉ ላይ ቆሟል። ጆሮ ግን ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።