የሚተኩሰው ጀልባና የግቢዬ ቁልፍ

ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአዳማ ተነሣሁ። የሄድኩት ዝዋይ ነው፤ አሁን ባቱ ይሉታል። ጉዳዩ የእህቴ ልጅ የታምራት ጀልባ ነው። ሞተሩ ይተኩሳል። ሲነሣ ዷ! ነዳጅ ሲሰጡት ዷ! ዷ! በዚህ ጀልባ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ሐይቁ መሃል ወዳለ ደሴት ልኮ ለትዳር ልጅ አስጠይቋል። ሁለቱንም ጊዜ አባቷ ቤት አልተገኙም። አባት በሌለበት ደግሞ ልጅ አይጠየቅም። ሽማግሌዎቹ "ቅዳሜ እንሄዳለን፣ ሦስተኛ ጊዜያችን ነው፣ ከዚያ በኋላ እግራችንን አናነሣም፤ በዚህ ተኩስም አንሳፈርም" ብለዋል።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የወፍጮ ሞተር ስጠግን ነው የኖርኩት። ባለቤቴ አልማዝ "የወፍጮ ሰው ውሃ ላይ ምን አግብቶት?" አለችኝ።

"ሞተር ሞተር ነው።"

"እንግዲያው ሳትሠራው ብትመለስ በሩን አልከፍትልህም።"

"ቁልፌ ኪሴ ውስጥ ነው" ብያት ወጣሁ።

መንገዱ

ሞጆ ላይ መኪና ቀየርኩ። በደረቅ ወደቡ በኩል የከባድ መኪናው ሰልፍ ጫፍ የለውም። የሁለተኛው ሚኒባስ ረዳት የመፍቻ ሣጥኔን አይቶ "አባቴ፣ ይኼ የሰው ቦታ ይዟል፣ ይክፈሉለት" አለኝ።

"ሣጥኑ እንደ አንተ አይጮህም፣ ጭኔ ላይ ይቀመጣል" አልኩት። መኪናው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን እስከ ባቱ ድረስ ያን ብረት ታቅፌ ሄድኩ። ስናልፍ ቆቃ ላይ ትኩስ ዓሣ አንጠልጥለው አሳዩን። መቂ ላይ ቲማቲሙ በሣጥን ተደርድሮ መንገዱን አቅልቶታል። ጎኔ የነበረች ሴት ሽንኩርት በመስኮት ገዝታ ሁለት ራስ ሰጠችኝ። ባቱ ስወርድ እግሬ ደንዝዞ እንደ ጠርሙስ ቆምኩ።

ሐይቁ ዳር

ታምራት ሞተሩን አስነሣው። ዷ! ዳር ላይ የቆሙት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ። መረብ የሚያጥብ አንድ ዓሣ አጥማጅ "ጋሼ፣ ይኼ ልጅ ሽማግሌ ነው የሚልከው ጦር?" አለኝ።

"ቤንዚኑ ነው" አልኩ፤ ሳልነካው። ታምራት በጀሪካን ከመንገድ ዳር ነው የሚገዛው። "ውሃ ቀላቅለውብሃል" አልኩት። በጠርሙስ ቀድተን አየነው፤ ንጹሕ ነው። እኔ ግን አላመንኩም፣ አስደፋሁት። ሌላ ቤንዚን ስንፈልግ ግማሽ ቀን አለቀ። ዷ! ካርቡራቶሩን ፈትቼ አጠብኩ። ዷ! ካንዴላ ቀየርኩ። ዷ! አጥማጆቹ ሥራቸውን ትተው ከበውኝ እየቆጠሩ ነበር።

ዓሣ የምትጠብሰው ሴትዮ "አባባ፣ ይብሉና ይሥሩት፣ ሞተሩ አይሸሽም" ብላ አስቀመጠችኝ። ዓሣው ከዳጣ ጋር ግሩም ነው። እየበላሁ ሳስበው፣ ቤንዚኑ አለ፣ እሳቱም አለ፤ የጠፋው ጊዜው ነው። እሳቱ ያለ ሰዓቱ ነው የሚመጣው። ሰዓቱን የሚጠብቀው ደግሞ ቮላኖው፣ ሞተሩ አናት ላይ የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት ነው።

"ታምራት፣ ቮላኖውን ፈትታችሁት ታውቃላችሁ?"

"አንዴ። ከዘንጉ ጋር የምትይዘው ትንሿ ብረት ተሰብራ ምስማር ቆርጠን አስገባንባት።"

"ምስማር! ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቁኝማ፣ አጎቴ!"

እውነቱን ነው። ከመጣሁ ጀምሮ ስናገር እንጂ ስጠይቅ አልዋልኩም። ቮላኖውን ስናነሣው ምስማሩ ተጨፍልቆ ቮላኖው ከቦታው ተንሸራቷል።

ቅዳሜ

በጠዋት ያችን ብረት ከተማው ውስጥ ፈለግን፤ የለችም። ሣጥኔን ገለበጥኩ፤ የሚሆን ውፍረት የለም። አራቱ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ለብሰው መጡ። መሪያቸው ኦቦ ገመዳ "አካም ቡልቴ?" ብለው በኦሮምኛ ደኅና ማደሬን ከጠየቁኝ በኋላ ወሬ አልጨመሩም፤ ፀሐይዋን ብቻ ያያሉ። እጄን ኪሴ ስከት የግቢዬ ቁልፍ ተገኘ። የጥንት ቁልፍ ነው፣ ዘንጉ ወፍራም።

"አጎቴ፣ ቤትዎስ?" አለ ታምራት።

"ዝም በልና ያዝልኝ" አልኩት። ቆረጥኩት፣ በሞረድ ሞረድኩት፣ እየለካሁ ሞረድኩት። ቦታው ላይ ገጠመ። ታምራትን ገመዱን ሳብ አልኩት። ድርርርር! አባ ኮዳዎቹ አንገታቸውን እንኳ አላነሡም። አጥማጆቹ አጨበጨቡ፤ ያ መረብ አጣቢ ብቻ "አሁንማ ጨዋታው ቀረብን" አለ።

እኔም ሞተሩን ልጠብቅ ብዬ ተሳፈርኩ። መሪውን ታምራት ያዘ። ደሴቱ ስንደርስ አባትየው ጀርባቸውን ሰጥተው ድንጋይ ላይ መረብ ይጠግናሉ። ጀልባው ዳሩን ሲነካ ዞሩ። ብድግ ሊሉ ሲሞክሩ መረቡ እግራቸው ላይ ተጠመጠመ።

"ተኩሱስ የት ሄደ?" አሉ።

"ተሠራ" አሉ ኦቦ ገመዳ።

"ማን ነው የሠራው?"

አራቱም ሽማግሌዎች ወደ እኔ ጠቆሙ። ሰውየው እንደ መሳቅ አሉና "እርስዎ ነዎታ ያስያዙኝ! እኔ እኮ ተኩሱን ስሰማ በደንገል ታንኳዬ ከደሴቱ ጀርባ እዞር ነበር" አሉ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆሙ፤ እሺ ሳይባሉ አይቀመጡም። አባትየው መረቡን እየፈቱ ቆዩ። ከዚያ "አንድ ልጅ ናት፣ እናቷም የለችም። ሐይቁን ከተሻገረች መቼ አያታለሁ?" አሉ።

መናገር የኔ ተራ አልነበረም፤ ግን ተናገርኩ። "እሁድ እሁድ ይህ ሞተር ያመጣታል።"

"ከቆመስ?"

"የግቢዬን ቁልፍ ሞርጄ አስገብቼበታለሁ። ቢቆም ከአዳማ ድረስ መጥቼ እሠራዋለሁ፤ ቁልፌ እዚያ ውስጥ ነዋ!"

አዩኝ፤ ሞተሩንም አዩት። "በሉ፣ ተቀመጡ" አሉ። ታምራት ጀልባው ውስጥ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ቤት

እሁድ ከሰዓት አዳማ ገባሁ። በሬ ላይ ቆሜ ልማዴ ሆኖ ኪሴን ዳበስኩ፤ ባዶ ነው። አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ቁልፍህስ?"

"ሐይቅ ላይ ነው።"

"ሞተሩስ?"

"ተሠራ። ልጅቱም ተሰጠች።"

መወርወሪያው ተሳበ። አልማዝ እልል ብላ ጎረቤት ሰበሰበች።

በዚህ ዕድሜዬ የተማርኩት፣ ሞተር ከመፍታት በፊት ባለቤቱን መጠየቅ ነው። አዲስ ቁልፍ ግን እስካሁን አላሠራሁም። አንኳኩቼ ነው የምገባው፤ እሷም ሳሌን እየሰማች "ማነው?" ትላለች።