ፖቶማክ ላይ የተሳልኩት ስለት

የእጮኛዬ ወንድም ተስፉ ጀልባ ገዛና «ከአሌክሳንድሪያ ፖቶማክ ወንዝ ማዶ ላሻግራችሁ» ብሎ እኔንና እናቱን ጫነን። ሰርጉ ደርሷልና አማቴ ፊት ፈሪ መምሰል አልፈለግሁም። ጀልባው ግን ርዝመቱ ከላንድማርክ ሰፈር እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ስፋቱ መቀነት ነበር!

መሃል ስንደርስ ሞተሩ ጠፋ። ፖቶማክም እንደ ደነበረ በሬ ይዞን ነጎደ።

«ውሃው ወደ ባሕር እየተመለሰ ነው!» አለ ተስፉ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «ታይዱን፣ የባሕሩን መሙያና መጉደያ ሰዓት፣ ቼክ ማድረግ ረስቼ!»

የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ለቅዱስ ሚካኤል ጃንጥላ ተሳልኩ፤ ዝም አለኝ። ምንጣፍ ጨመርኩ፤ ጀልባው ይባስ ብሎ ዘመመ። ሞት ዓይኔ ላይ ሲቆም አገር እስኪሰማ ጮህኩ፦

«ብቻ አውጣኝ፣ እመነኩሳለሁ!»

ወዲያው ጀልባው ጓ ብሎ ቆመ። ዓይኔን ጨፍኜ መስመጤን ስጠብቅ፣ አማቴ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወረዱ። ለካ ወንዙ ዳር አውጥቶን፣ ራሱ ሸሽቶ ጭቃ ላይ ጥሎናል፤ የቀረው ውሃ ቁርጭምጭሚታቸውን እንኳ አልደረሰም።

እስከዚያች ሰዓት «አንተ ልጅ» ሲሉኝ የነበሩት ሴትዮ ነጠላቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉና፣

«ይውረዱ እንጂ፣ አባ» አሉኝ።