የወንዙ ዳር ዳዋ

ሴትየዋን ጎረቤቱ ሁሉ «ሞተር» ይላታል፤ ቁጭ ብላ ያያት ሰው የለምና። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሽንኩርቷን ከወንዝ በባልዲ እየቀዳች የምታጠጣው ራሷ ናት። ዘንድሮ ታዲያ መንግሥት የወንዝ ዳር መሬቱን ሳያርስና ሳያጭድ ለተወ ገበሬ ድጎማ እከፍላለሁ አለ፤ ሳሩ ጎርፉን እንዲገታ፣ አፈሩም ታጥቦ እንዳይሄድ። ይህን ስትሰማ በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። የሚከፈላት ገንዘብ የውሃ መሳቢያ ሞተር ይገዛል! «ሞተር ሞተር ልትገዛ ነው» እያሉ ቀለዱባት፤ እሷም አብራ ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ ለሳሩ እንደ እናት ሆነችለት። ጠዋት ጠዋት ባልዲዋን አስቀምጣ «እደግ፣ ተመንደግ» ትለዋለች። እሱም አላሳፈራትም፤ ወገቧ ድረስ ደረሰ።

የግብርና ባለሙያው ሊያይ በሚመጣበት ቀን ቤት ቁጭ ብላ መጠበቅ አልሆነላትም። ዋናው መንገድ ድረስ ወጥታ ተቀበለችው። ወጣት ነው፤ ፊት ፊቱ እየሮጠች በወሬ አደነቆረችው።

«ሳሩ አንተንም ሳይውጥህ አይቀርም» አለችው።

ማሳው ጥግ ሲደርሱ ግን ክው አለች። ከሳሩ ግማሹ የለም። የባሏ ታላቅ ወንድም ማጭድ ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ያጭዱታል። እኚህ ሰው «ጋሽ ምላጭ» የተባሉት እርሻቸው ላይ አንዲት አረም ስለማትገኝ ነው፤ የሌላ ሰው ማሳ ላይ እንኳ አረም ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ቀና ብለው ፈገግ አሉ።

«እንግዳ ሊመጣ ነው ሲሉ ሰማሁ። በዚህ ዳዋ ሰው ይቀበሏል? ከማለዳ ጀምሬ ነው የተያያዝኩት።»

«ጋሼ፣ ጉድ አደረጉኝ። ገንዘቡ እኮ ለዳዋው ነው።»

«ለአረም ይከፈላል? ድጎማው ለሽንኩርትሽ መስሎኝ!» አሉ፤ ማጭዱ እጃቸው ላይ ቀረ።

ባለሙያው ሜትሩን ዘርግቶ የቀረውን ለካና ራሱን ነቀነቀ። «አይበቃም፣ እናቴ። ከተወሰነው ርዝመት ካነሰ እኔም እጠየቅበታለሁ።» የሞተር ዓይን እንባ አቀረረ። ያን ሁሉ ጊዜ ተንከባክባው፣ በአንድ ጠዋት!

ጋሽ ምላጭ ወዲያ ወዲህ አዩ።

«እኔና ሟች ወንድሜ የአባታችንን መሬት በቃል ነው የተካፈልነው። በመንግሥት ዘንድ የኔም የሷም አንድ መሬት ነው፣ አይደል?»

«አንድ ነው፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ተከተሉኝ።»

መንገደኛ ሁሉ ቆሞ የሚያደንቀውን በቆሎአቸውን ሰንጥቀው ወሰዷቸው። ከበቆሎው ጀርባ፣ እስከ ወንዙ ድረስ፣ ሰው የሚያክል ሳርና ሐረግ ተጠላልፎ ቆሟል። ወፎች ግር ብለው ተነሱ። ባለሙያው ፊቱ በርቶ፣ ሜትሩን እየጎተተ ገባበት።

«ይተርፋል እንጂ አያንስም! እንዲህ ያለ ዳር አይቼ አላውቅም። ማነው እንዲህ የተንከባከበው?»

ጋሽ ምላጭ ጓዳቸውን ሰው የበረበረባቸው ይመስል አንገታቸውን ደፉ። ሞተር ግን እልል ልትል ምንም አልቀራት። ልታመሰግናቸው ዞር ስትል ወገባቸውን ይዘው መሬት ላይ ሲቀመጡ አየች።

«ምን ሆኑብኝ፣ ጋሼ?»

«ወገቤ ነው። ካምና ጀምሮ ጎንበስ ማለት አቃተኝ። እዚህ ማንም አያይም ብዬ ተውኩት። ለሰው እንዳትናገሪ።»

«ታዲያ የኔን በምን ወገብዎ አጨዱት?»

«ያንቺ ከድልድዩ ላይ ይታያል» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው። «‹ባሏ ስለሌለ ነው› እንዲሉሽ አልፈለግኩም።»

ሞተር ባለሙያውን ተጣራች፤ ሳሩ ውስጥ ሆኖ «አቤት» አላት።

«ድጎማው በሁለታችን ስም ይሁን» አለች፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። «ሞተሩ ሲገዛ ውሃው ከሳቸው ማሳ ነው የሚጀምረው።»