የላዶ ምድጃና የመርከቧ ስንጥቅ

ይህን ለሚስቴም ለልጄም ተናግሬ አላውቅም። ዋሽቼ ንጹሕ ሰው አስወቅሻለሁ። ያንን ሰው ደግሞ እወደው ነበር፤ ዛሬም እወደዋለሁ።

በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2013 ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሥቶ የናይል ወንዝ ጭነት ሲቀዘቅዝ፣ ጁባ ወደብ የቀሩ ሽማግሌ መርከበኞች ዳር ላይ ተጎትታ የተቀመጠችውን አሮጌ የጭነት መርከብ ሊጠግኗት ተነሡ። የልጅ ልጆቻቸው እንዲያዩዋት ነው። በያጅ ሲፈልጉ ጀበል ሰፈር ወዳለው የእኔ የሐበሻው ወርክሾፕ መጡ። ሙያዬን ያስተማረኝ የለም፤ ሰው ሲሠራ አይቼ፣ እጄን አቃጥዬ ነው የለመድኩት። በዚህ እኮራ ነበር። "አላውቅም" የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም።

መርከቧን የሚጠብቃት ላዶ ነበር። በወጣትነቱ ማሽላ ጭኖባት እስከ ማላካል ከተማ ተመላልሷል፤ ሲያረጅም ወለሏ ላይ ይተኛል፣ በከሰል ምድጃው ያበስላል። ጠዋት ስመጣ በልጄ ስም ጠርቶ "አቡ ሣራ፣ ኢታ ከፍ?" ይለኛል፤ በጁባ ዓረብኛ እንዴት ነህ ማለቱ ነው። ሻይ ይቀዳልኛል። "ቀስ በል፣ አሮጊት ናት። ልጅህን እንደምትቆጣ አትቆጣት!" ብሎ ይስቃል።

የወለሏ ላሜራዎች የተያያዙት በብየዳ አልነበረም። በሪቬት ነው፤ በእሳት ግለው ራሳቸው በተቀጠቀጠ ወፋፍራም ምስማሮች። እንዲህ ያለ ሥራ ነክቼ አላውቅም። አላውቅም አልኩ? አላልኩም። የሪቬቶቹን ራስ በግራይንደር ቆርጬ፣ ወለሉን እንደ ግቢ በር በየድኩት። በማግስቱ አሮጌው ብረት ከብየዳዬ ጫፍ ጀምሮ አንድ ክንድ ያህል ተሰንጥቆ አገኘሁት።

ሽማግሌዎቹ "ይሄ ምንድን ነው?" አሉ። እኔ ጣቴን ወደ ላዶ ምድጃ ቀሰርኩ። "በየማታው ብረቱን ያግላል፣ ከዚያ ውሃ ይደፋበታል። ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?" አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ባለሙያው እኔ ነበርኩና አመኑኝ።

ላዶ ዞሮ አየኝ። "ወላሂ፣ አቡ ሣራ? በእኔ እሳት?"

"አዎ" አልኩት።

ዳግመኛ መርከቧ ላይ እንዳያድር ከለከሉት። ምንጣፉንና ድስቱን ይዞ እዚያው ጁባ፣ ሃይ ማላካል የሚባል ሰፈር ወዳለው የእህቱ ልጅ ቤት ሄደ። እኔ በዚያው ሳምንት ሣራን ስለ አንዲት ትንሽ ውሸት እራት ሳትበላ አቁሜ ገሠጽኳት። ምን ዓይነት አባት ነው እንዲህ የሚያደርግ?

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። በ2015 መርከቧ ቀለም ተቀብታ ለሰው ስትከፈት፣ ላዶ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ስንጥቁን የሸፈንኩበትን ላሜራ ለሽማግሌዎቹ የልጅ ልጆች እያሳየ፣ "እዚህ ጋ እኔ ጎዳኋት፤ ያዳናት ይሄ ወንድሜ ነው" አላቸው። ትከሻዬንም አቀፈኝ። አምኖኛል። የሚወዳትን መርከብ በገዛ እጁ የሰበራት እየመሰለው ይኖራል። እኔም ቆሜ ሰማሁ።

እዚህ መጻፌንም እንደ ድፍረት አትቁጠሩልኝ፤ ላዶ አማርኛ አያነብም። ብረት ስገዛ በእሱ ቋንቋ እስከ ማታ እከራከራለሁ። "እኔ ነኝ" ለማለት እንዴት አቃተኝ? ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም።