የአሰልጣኙ እግር ቀብር

ሜይፌር ያለችውን ሱቄን ያከራዩኝ ሕንዳዊ ሽማግሌ ኳስ ተጫዋችም አሰልጣኝም እንደነበሩ ያልነገሩት ደንበኛዬ የለም። በአፓርታይድ ጊዜ፣ ሕንድ ከሕንድ ጋር ብቻ እንዲጫወት በሚፈቀድበት ዘመን፣ በባዶ እግራቸው፣ በመጨረሻው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት አግብተው ዋንጫ አንስተዋል። እኔ ደግሞ ነገር ካላጣራሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ፎቶ ስጠይቃቸው የለም። ምስክር ስጠይቃቸው፣ «ስጫወት ያየኝ ሁሉ አልቋል» ይሉና ፊታቸው ይጠቁራል። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው እያልኩ አልፋቸው ነበር።

ዘንድሮ ስኳር በሽታው ቀኝ እግራቸውን ጎዳውና ሐኪሞቹ ሊቆርጡት ወሰኑ። ሽማግሌውን ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነበር።

«ሆስፒታሉ እንዳይጥለው። በሃይማኖታችን ይቀበራል። ባኪ ያለህ አንተ ነህ፣ ልጄ» አሉኝ።

እኔ ከሆሳዕና የመጣሁ ጴንጤ ነኝ፤ የእግር ቀብር ሰምቼም አላውቅ። ደነገጥኩ፤ ጉጉቴ ግን ከድንጋጤዬ በለጠ።

በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን እግር ባኪዬ፣ ማለትም ፒካፕ መኪናዬ ላይ ጭኜ፣ የመስጊዱን ሰው አሳፍሬ ወደ መቃብሩ ነዳሁ። ባለቤቱ በሕይወት ስላለ ጸሎት እንደማይደረግለት ሰውዬው መንገድ ላይ ነገረኝ። ስንደርስ፣ ወሬውን መስጊድ የሰሙ አንድ ረጅም አዛውንት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ይጠብቁናል። እግሩ ጉድጓድ ሲገባ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይኸው፣ የሳተው እግር» አሉ።

«ምኑን ነው የሳተው?»

«ፍጹም ቅጣት ምቱን ነዋ! እኔ የቡድናችን በረኛ ነበርኩ። ኳሷን ሰማይ ላካት፣ ዋንጫውም ቀረ።»

አፈሩ ሲመለስ ግን እንባቸውን ይጠርጉ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌውን ሊጠይቁ አብረውኝ መጡ። ሆስፒታል ስንደርስ ግን በረኛው ደረጃው ከብዷቸው ባኪው ውስጥ ቀሩ። እኔ እየሳቅሁም እየተናደድኩም ወጣሁ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሽማግሌው ሲያሞኙኝ ኖረዋላ።

«ለቀብሩ ማን መጣ?» አሉኝ ገና እንዳዩኝ።

«የድሮ በረኛችሁ። ፍጹም ቅጣት ምቱን ስተውታል አሉ እኮ፣ አንክል።»

 ያሳፈርኳቸው መስሎኝ አፌን በቆረጠው አልኩ። እሳቸው ግን ከትራሳቸው ቀና ብለው ክንዴን ጨመደዱኝ።

«በሕይወት አለ?»

«ታች ባኪው ውስጥ ናቸው።»

«ታዲያ ምን ያስቆምሃል? ደግፈህ አምጣልኝ። መሳቴን ያየ ሰው መጫወቴን አይቷል።»