ከሞላሌ ወዲያ ያለው ጥሩ ቁልቁለት

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ከጉዞው ከተመለስኩ ሦስት ወር አልፎኛል፤ ንዴቱ ግን እንደ ቆየ ጠላ እየኮመጠጠ ሄደ እንጂ አልበረደልኝም።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ብስክሌት እጠግናለሁ። በግንቦት መጀመሪያ አንድ የብስክሌት ማኅበር መጣና፣ በመንዝ ተራሮች ላይ ለውጭ አገር ብስክሌት ነጂዎች የሚሆን የስድስት ቀን መስመር ልናወጣ ነውና አብረኸን ሂድ አለኝ። ሊቀመንበሩ የአዲስ አበባ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ጣሊያን ሄዶ አሥራ ሁለት ቀን በወይን እርሻዎች መካከል ብስክሌት ነድቷል፤ ከዚያ ወዲህ ኮረብታ ባየ ቁጥር ጣሊያንን ሳያነሣ አያልፍም። የእኔ ሥራ ሁለት ነበር፤ የብስክሌቶቹን ጎማና ፍሬን መጠበቅ፣ መንገዱንም በደብተር መመዝገብ።

ደብተሩ ቀልድ አልነበረም። መንገድ የሚያስጠግነው መሥሪያ ቤት፣ «እናንተ ክፉ ነው ብላችሁ የጻፋችሁትን ቦታ ክረምት ሳይገባ እንጠግናለን» ብሎ ቃል ገብቶልን ነበር። በእኔ እስክሪብቶ «ክፉ» የተባለ ቦታ ይጠገናል፤ «ጥሩ» የተባለው እንዳለ ይቀራል ማለት ነው።

ሐሙስ፣ እስከ መዘዞ

ከደብረ ብርሃን የተነሣነው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው። ብርዱ ጣት ያደርቃል፤ ፍሬን ለመጨበጥ እንኳ እጅ አይታዘዝም። ስድስት ነጂዎች ነበርን፤ ሊቀመንበሩ ሰባተኛ። ሜዳው ላይ ከሁላችንም ፊት ነዳ፤ እየነዳም ዘፈነ። አቀበቱ ሲጀምር ግን «ፎቶ ላንሣችሁ» ብሎ ብስክሌቱን ከኋላ በሚከተለን ፒክአፕ ላይ ጫነና ገቢና ገባ። ፎቶው እስከ ጣርማበር ድረስ አላለቀለትም።

ጣርማበር ላይ ጉም ዋጠን። እሳት አጠገብ ተኮልኩለን ሽሮ በእንጀራ በመቶ ሃምሳ ብር በላን፤ ሻዩን ሁለት ሁለት ጊዜ ደገምን። ከዚያ መኪና የሚያልፍበት ዋሻ ጋ ሳንደርስ ከዋናው አስፋልት ወደ ግራ ተገንጥለን የመዘዞን መንገድ ያዝን። በስተቀኝ ገደሉ እስከ ቆላው ይወርዳል፤ በስተግራ የበልጉ ገብስ ንፋስ እየተኛበት ይነሣል። በዚያን ቀን ዘጠኝ ቦታ «ክፉ» ብዬ ጻፍኩ፤ አንዱን የመዘገብኩት ወድቄ ክርኔ ከተላጠ በኋላ ነው።

ዓርብ፣ ሞላሌ

ሞላሌ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። የከተማው ሰው ጥሩ ነው፤ ብስክሌታችንን ሳይነካ ዞሮ ዞሮ አይቶ፣ ጎማው እንዲህ ቀጥኖ እንዴት ሰው ይሸከማል ብሎ ተከራከረበት። ሊቀመንበሩ ከፒክአፑ ወርዶ ኮረብታዎቹን በእጁ እያሳየ፣ አህያቸውን ጭነው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ አንድ ገበሬ አስቆመ።

«አባቴ፣ እዚህ ኮረብታ ላይ ወይን ቢተከል አይበቅልም?»

ሰውዬው ኮረብታውን፣ ከዚያም ሊቀመንበሩን አየት አደረጉ። «ወይኑን እንጃ ልጄ። ውርጩ ግን ሳንዘራውም ይበቅላል» ብለው አህያቸውን ነዱ። እንዲያ ከልቤ የሳቅኩት በጉዞው ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ቅዳሜ፣ ቁልቁለቱ

ከሞላሌ ወዲያ ከዋናው መንገድ ወጥተን አንድ ሸለቆ ወርደን ወደ መሐል ሜዳ እንድንወጣ ያቀደው ሊቀመንበሩ ነው፤ ሸለቆው ጣሊያን አገር ያየሁትን ይመስላል ብሎ። የመንደሯን ስም አልጽፍም፤ ሰዎቹ ያፍሩብኛል። ሁለት ሰዓት ያህል ኮረኮንቹ አጥንታችንን ሲያላጋው ቆይቶ፣ ድንገት ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ መንገዱ ምንጣፍ ሆነ። ፍሬን ለቀቅን። ሊቀመንበሩም ከፒክአፑ ወርዶ፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አስሮ እየቀረጸ አብሮን ወረደ። ሊቀመንበሩ እንደምንመጣ ቀድሞ አስነግሮ ስለነበር፣ ታች ወንዙ ዳር ሰው ተሰልፎ በእልልታ ተቀበለን። እኔም ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ፤ «ጥሩ። እስካሁን ካየነው ሁሉ የተሻለ።»

ዳስ ተጥሎ፣ ሣር ተጎዝጉዞ ጠበቁን። የበግ ቅቅል ቀረበ፤ ጠላው በጣሳ ሞልቶ ይመጣል። የደብሩ ቄስ፣ ቄስ ተክሌ፣ መስቀል ሊያሳልሙኝ እጃቸውን ሲዘረጉ መዳፋቸውን አየሁት። ውሃ ቋጥሮ፣ ግማሹ ፈንድቷል።

«አባ፣ እጅዎን ምን ነካዎት?»

«ምንም አይደል ልጄ። ዶማ ነው። ቅዳሴው ዶማ አስረስቶን» ብለው ሳቁ።

«በዚህ ሰሞን ምን ሲቆፍሩ?»

«ብላ እንጂ» አሉ ቅቅሉን ወደ እኔ እየገፉ። ምራታቸው አስካለ ግን ጠላ ልትቀዳልኝ ጎንበስ እንዳለች፣ «መንገዱን ነዋ!» አለች በኩራት። «አገሩ በሙሉ በደቦ ወጥቶ ሦስት ቀን ሙሉ። ወንዱ ድንጋይ፣ ሴቱ አፈር። ያ ቁልቁለት እኮ በሬ የሚውጥ ቦረቦር ነበር።»

«ለምን?» አልኩ።

«እንግዳ እየመጣ ደጅ አይጠረግም?» አሉ ቄስ ተክሌ፤ ጥያቄዬ ግራ ገብቷቸው።

ክረምት ሲገባስ ብዬ ጠየቅኳቸው። አፈር ነውና ጎርፉ ይወስደዋል አሉ፤ ሁልጊዜም ይወስደዋል። አምና በክረምት አስካለን ምጥ ሲይዛት አምቡላንሱ ቦረቦሩ ጫፍ መጥቶ ቆመ። በቃሬዛ ተሸክመዋት ሲሄዱ መንገድ ላይ ወለደች፤ ልጁ አልተረፈም። ይህን የነገሩኝ እሷ ማሰሮዋን ልትሞላ ወደ ጓዳ ስትገባ ነው። አሁንም ሆዷ ገፍቷል፤ የምትደርሰው በነሐሴ ነው።

ደሜ ፈላ። በማን ላይ እንደምናደድ አላወቅሁም፤ ስለዚህ ከራሴ ጀመርኩ። ሃያ ዓመት ጎማዬን የሚቀደውን መንገድ ሁሉ በዓይኔ የማውቅ ሰው፣ ትናንት የተደፋ አፈር ከቆየ አፈር መለየት አቃተኝ! ስለተመቸኝ ብቻ አላየሁም። ደብተሩን አውጥቼ «ጥሩ» ያልኩትን ሰርዤ «በጣም ክፉ፤ ከሁሉ በፊት ይጠገን» ብዬ ጻፍኩና ሊቀመንበሩ ጋ ሄድኩ።

ሊቀመንበሩ ቅቅሉን እየጋጠ ሰማኝ። «ፊልሙ እጄ ላይ ነው» አለ። «ለስላሳ ነው። ልክ ጣሊያንን ነው የሚመስለው። ይሄ የመስመራችን ጌጥ ነው፤ ክፉ ነው ብለን ማን ይመጣልናል?»

«ለእኛ ሲሉ ነው የሞሉት። በክረምት አይኖርም።»

«እንግዶቹስ የሚመጡት በክረምት ነው እንዴ? ደግሞ ከእኔና ካንተ የአገሩ ባለቤት ይናገር።» ቄስ ተክሌን ጠራቸው። «አባ፣ ይሄ መንገዳችሁ ክፉ ነው እንዴ?»

ቄስ ተክሌ እኔን አዩኝ፤ የተጎዘጎዘውን ሣርና የቀረበውን ማዕድ አዩ። ከዚያ፣ «ኧረ ምን ይላል!» አሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው።»

«ሰማህ?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

ልንሄድ ስንል ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ለብቻቸው አገኘኋቸው። «አባ፣ ለምን?» አልኳቸው፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ልጄ፣ ማዕዴ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ፊት ደጄ ክፉ ነው ልበል? ልመና አይሆንም?»

«ልመና አይደለም! መብትዎ ነው! የልጅ ልጅዎ…» ብዬ ጀመርኩና አንገታቸውን ሲደፉ አፌን ያዝኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት ነገር ነው ያደረግኩት፤ ሊቀመንበሩ ላይ ያልጮኽኩትን ሽማግሌ ላይ ጮኽኩ። ይቅርታ ጠይቄ፣ ስልኬን በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸው ሄድኩ። እስከ መሐል ሜዳ ያለውን አቀበት በምን ጉልበት እንደወጣሁት አላስታውስም።

እሑድ፣ ጓሳ

በማግስቱ የመንዝ ሰው ከጥንት ጀምሮ በራሱ ሕግ ሣሩን የሚጠብቅበት ጓሳ ወጣን። ሊቀመንበሩ ብስክሌቶቹ ሣሩን ሰንጥቀው ሲያልፉ ሊቀርጽ ፈልጎ ነበር። ጋቢ የደረቡ አንድ ጠባቂ መንገዱ ላይ ቆመው፣ «አይሆንም፤ ሣሩ ተዘግቷል» አሉን። ሊቀመንበሩ እንግዶች መሆናችንን፣ ከሩቅ መምጣታችንን፣ ለአገሩ ጥቅም እንደምንሠራ ነገራቸው። ሁሉንም በትዕግሥት ሰምተው፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ። አይሆንም» አሉ። ብስክሌቶቹን እዚያው አጋድመን በተፈቀደው መንገድ በእግራችን ሄድን። እኔም የምናደድበት ሌላ ነገር አገኘሁ። ለሣሩ እንግዳን አይሆንም ማለት የሚያውቅ ሕዝብ፣ ለመንገዱ ሲሆን ምን ያዘው?

ማክሰኞ፣ ደብረ ብርሃን

ቤቴ ስገባ ጉልበቴ አብጦ ነበር። በማግስቱ ሊቀመንበሩ ስንለያይ ከተቀበለኝ ደብተር በንጹሕ ወረቀት የገለበጠውን ዘገባ ይዞ ለፊርማ መጣ። ክፉዎቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ። ያ ቁልቁለት ግን «ጥሩ፤ ከሁሉም የተሻለ» ይላል፤ የሰረዝኩትን የራሴን ቃል መልሶ አስቀምጦልኛል። አምስቱ ነጂዎች ፈርመዋል። እኔ አልፈርምም ብዬ ተጣላን። መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄጄም ተናገርኩ፤ «ማኅበራችሁ ጥሩ ነው ብሎ ፈርሟል፣ ፊልምም አያይዟል» ብለው መለሱኝ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ሁሉ ውሃ ወቀጣ ነበር። ከጉዞው የተማርኩት ይህን ነው፤ እመጣለሁ ብሎ አስነግሮ መንገድ ሊያይ የሚሄድ ሰው፣ የሚያየው መንገዱን ሳይሆን የሰዉን ጨዋነት ነው።

ባለፈው ሳምንት፣ በነሐሴ አጋማሽ፣ ጎማ እየለጠፍኩ ስልኬ ጮኸ። ቄስ ተክሌ ናቸው። አስካለ ጤና ጣቢያ ደርሳ ሴት ልጅ ተገላገለች አሉኝ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን! በምን ወሰዳችኋት አባ?»

«በቃሬዛ። ስምንት ሆነን እየተቀባበልን። አራት ሰዓት ተኩል ፈጀብን፤ ዝናቡ ነው እንጂ መንገዱስ…» ብለው አቋረጡ።

«መንገዱስ ምን አባ?»

«መንገዱማ የለም ልጄ። በሐምሌ ጎርፉ ወሰደው።» ወዲያው ሊያጽናኑኝ ቀጠሉ። «እናንተ ግን አታስቡ። ጥቅምት ላይ ፈረንጆቹን ይዛችሁ ትመጣላችሁ አሉ። ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ደውሉልን እንጂ እናበጀዋለን።»

«አባ፣ እኔ ሳልደውል ነው የምመጣው» አልኳቸው።

«ኧረ በእመቤቴ!» አሉ ደንግጠው። «አታዋርደን ልጄ።»